ስለ ልብና ስለ አእምሮ፤ ብልህ፥ ብልጥ፥ ጠቢብና ጎበዝ የተባሉት ቃላት የትርጕም ታሪክ

የሰውን የማሰብ ኀይል ለመግለጽ አማርኛ ብዙ ቃላት አሉት። ተናጋሪው ብልህ፥ ብልጥ፥ ጠቢብ፥ ልባም፥ አስተዋይ፥ ዐዋቂ፥ ጮሌ፥ ጎበዝ እያለ እንደ ጕዳዩ ይመርጣል፤ አንዱን በሌላው ቦታ ቢያገባው ሰሚው ወዲያው ይታወቀዋል። አንድ አባት ልጁን «ብልህ ነው» ብለው ቢያመሰግኑለት ደስ ይለዋል፤ «ብልጥ ነው» ቢሉት ግን ምስጋናውን ከመቀበሉ በፊት የተናጋሪውን ፊት ይመለከታል። ሁለቱም ቃላት ልጁ ማሰብ እንደሚችል ይመሰክራሉ። የሚለያዩት ሐሳቡ በማን ላይ እንደሚውል በመናገር ነው።

በትምህርት ቤትና በመጽሐፍ ቋንቋ እነዚህን ቃላት ሁሉ «የማሰብ ችሎታ» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልሎ ማለፍ እየተለመደ መጥቷል። ጥቅለላው ለትርጕም ሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን ሕዝቡ በብዙ ዘመን የለየውን ነገር ይደባልቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ከሥራቸውና ከታሪካቸው መርምሮ ልዩነታቸውን ማሳየት፥ ልዩነቱም ዛሬ ለምን ሊጠበቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ለምርመራው የሚረዳው ቀላል መንገድ የየቃሉን ተቃራኒ መፈለግ ነው፤ የእርሻ ወሰን ከጎረቤቱ እርሻ እንደሚታወቅ ሁሉ የቃልም ወሰን ከተቃራኒው ይታወቃልና።

፩. ስለትና ብልጫ

«ብልህ» የሚለው ቃል ሥሩ ግእዝ ነው። በግእዝ «በልኀ» ማለት ተሳለ፥ ስለታም ሆነ ማለት ሲሆን፥ «በሊኅ» የሚባለውም የተሳለ ሰይፍ ወይም ምላጭ ነው። ቃሉ ከብረት ወደ ሰው ተሻግሮ በአማርኛ የሰውን ትርጕም ብቻ ይዞ ቀረ። ይሁን እንጂ የጥንቱ ትርጕም በተቃራኒው ውስጥ ይኖራል፤ የብልህ ተቃራኒ «ደነዝ» ነው፥ ቢላዋም ደነዘ ይባላል። ስለዚህ ብልህነት የስለት ነገር ነው፤ የተሳለ ልብ ነገርን ፈጥኖ ይለያል። «ለብልህ አይነግሩም፥ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህንኑ ያጸናል። አንበሳ ሥጋ የሚቈርጥለት እንደማያሻው ሁሉ፥ ብልህም ነገር የሚዘረዝርለት አያሻውም።

ከዚሁ ሥር የወጣው «ብልሃት» ደግሞ የሥራን መንገድ ያመለክታል። ከ«ዘዴ»ና ከ«መላ» ጋር የሚቀራረብ ቃል ነው፤ መላ የሚለው በኦሮምኛም በዚሁ መልክና በዚሁ ትርጕም ይነገራል። ብልሃት መሣሪያ ስለ ሆነ እንደ ያዡ ለበጎም ለክፉም ይውላል፤ ክፉ ሲሆን ተናጋሪው «ተንኰል» ወይም «ሸር» ብሎ ስሙን ይለውጥለታል።

«ብልጥ» ግን የተወለደው «በለጠ» ከሚለው ግሥ ነው። ብልጥ ለመባል የሚበለጥ ሰው መኖር አለበት። በምድረ በዳ ብቻውን የሚኖር ባሕታዊ ብልህ ሊሆን ይችላል፤ ብልጥ ሊሆን ግን አይችልም፤ የሚበልጠው የለምና። የቃሉም ተቃራኒ «ሞኝ» ነው። ሞኝ ማለት የማያስብ ሰው ማለት ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው የተጠቀመበት ሰው ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» የሚለው አነጋገር የሞኙን የልብ ድካም ከመለካት ይልቅ የንብረቱን መወሰድ ይነግራል። እንዲሁም «ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል» ሲባል የልጁ ዕውቀት የሚታየው በድርሻው ላይ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ምሳሌዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነቱ ይገለጣል፤ ብልህ ግማሽ ቃል ሰምቶ ሙሉ ነገር ይረዳል፤ ብልጥ አንድ ድርሻ ተቀብሎ ሁለተኛውን ይጠብቃል።

በተረት ዓለም ይህ ሚዛን ለእንስሳት ተከፋፍሏል። ጦጣ ብልጥ ናት፥ ጅብ ሞኝ ነው፤ ሰሚው በጅቡ ላይ ይሥቃል፥ በጦጣዋ ይደነቃል፥ ነገር ግን ማንም ልጁን ለጦጣ አደራ አይሰጥም። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር በቅዱስ መጽሐፍ ትርጕም ውስጥ ይገኛል። በኦሪት ዘፍጥረት 3ኛ ምዕራፍ ሔዋንን ያሳታት እባብና በማቴዎስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ ሐዋርያት እንዲመስሉት የታዘዙት እባብ በግሪክኛው፥ በሰብዓ ሊቃናት ትርጕምና በወንጌሉ፥ ከአንድ ሥር በወጣ በአንድ ቃል «ፍሮኒሞስ» ተብለዋል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የመጀመሪያውን «ተንኰለኛ»፥ ሁለተኛውን «ልባም» ይላቸዋል። የብሉይ ኪዳን ትርጕም ከዕብራይስጡ ጋር የተመሳከረ በመሆኑ ለልዩነቱ ሌላ ምክንያትም አለው። ሆኖም የአማርኛ አንባቢ ሁለቱን ቃላት ያለ ማስታወሻ መረዳቱ፥ የአንድ ፍጡር አንድ ጠባይ ለማሳት ሲውልና ራስን ለመጠበቅ ሲውል ሁለት ስም እንደሚያሻው ቋንቋው አስቀድሞ እንደ ወሰነ ያሳያል።

ከተማ ሲስፋፋ የብልጥ ወገን የሆኑ ቃላት በረከቱ። «ጮሌ» ፈጣን ፈረስ ወይም በቅሎ የሚመሰገንበት ቃል ሲሆን ለቀልጣፋ ሰው ተሰጠ፤ ከአንደበት ጋር ሲጣመር «አፈ ጮሌ» ሆኖ ወደ ነቀፌታ አዘነበለ። «አራዳ» ደግሞ በመጀመሪያ የቦታ ስም ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ በዚህ ስም ይታወቅ ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዙበት ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ የሰፈሩ ስም ግን የሰው ጠባይ ስም ሆኖ ቀረ። የአራዳ ተቃራኒ «ፋራ» ነው፤ ይኸውም የከተማን መንገድ ያልለመደ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ አራዳነት ከልብ ስለት ይልቅ የሰፈር ልምድ ነው፤ ገበሬው በእርሻው ላይ ምን ያህል ቢራቀቅ ይህን ስም አያገኝም።

፪. የዕውቀት መኖሪያ

ከሰው ጠባይ ወደ ዕውቀት መኖሪያ ስንሻገር ቀድሞ የምናገኘው «ልብ» ነው። ልብ በአማርኛ የፍቅርና የድፍረት ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ የማሰብም ማደሪያ ነው። «ልብ በል» ማለት አስተውል ማለት ነው፤ «ልበ ቢስ» ማለት የማያስታውስ፥ ነገሩን የማይይዝ ሰው ማለት ነው፤ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ሲባልም ማየት የዓይን ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ይነገራል። በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተባለ፤ ከልብ የተወለደ፥ ማለት በሐሳብ የተፈጠረ ታሪክ ነውና። ከዚያ ወዲህ ይህ ስም ለድርሰት ወገን ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. ለታተመው መጽሐፋቸው «ወዳጄ ልቤ» የሚል ስም ሲሰጡ ልብን የሚማከሩት ባልንጀራ አድርገውት ነበር።

ግእዝ ከዚሁ ልብ «ለበወ» የሚል ግሥ አወጣ፤ ትርጕሙ አስተዋለ፥ ተረዳ ማለት ነው። የዚህ ግሥ ስም «ልቡና» ነው። ልቡና ከልብ የሚለየው በማመዛዘን ሥራው ነው፤ ልብ ይመኛል ይፈራልም፥ ልቡና ግን የተመኘውንና የፈራውን ይመረምራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ሊቅ ጻፈው በሚባለው «ሐተታ» ውስጥ ሰው እውነትን ከሐሰት የሚለይበት ኀይል የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉ የኢጣልያዊው መነኵሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ሲጽፍ፥ ክሎድ ሳምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን በሰፊው ተከራክሯል። ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢፈታ የቃሉን ነገር አይለውጠውም። ጸሓፊው ማንም ይሁን ማን፥ ለዚህ ፈራጅ ኀይል በግእዝ የተዘጋጀ ስም አግኝቷል።

«አእምሮ» የሄደበት መንገድ ከዚህ ይለያል። «አእመረ» ማለት በግእዝ ዐወቀ ማለት ሲሆን «አእምሮ» ማወቅ፥ ዕውቀት ማለት ነው፤ የድርጊቱ ስም ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ከድርጊት ወደ ማደሪያ ተለወጠ። ዛሬ አእምሮ የማወቂያው ክፍል ነው፤ ይታመማል፥ ይደክማል፥ ሐኪምም ያየዋል። ሰው በአንድ ወቅት የሚሠራው ሥራ የነበረው ነገር ሰው በውስጡ የያዘው ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ዕቃ ከሆነ ደግሞ ይለካል፥ ይመዘናል፤ የዘመኑ የአእምሮ ሳይንስ ወደ አማርኛ ሲገባ ቃሉን የተመቸ ያደረገው ይህ ለውጥ ነው።

አማርኛ ግን ዕውቀት በዕድሜና በኑሮ የሚገኝ መሆኑን የሚናገሩ ሐረጎችን አልተወም። ሕፃን ማሰብ ሲጀምር «ነፍስ ዐወቀ» ይባላል፤ ወጣት ከስሕተት ሲመለስ «ልብ ገዛ» ይባላል። ልብ የሚገዛ ከሆነ ዋጋ ይከፈልበታል፤ ሲወለዱ እንደ ቁመት የተመደበ መጠን አይደለም። «አስተዋይ» የሚለው ቃል ተቃራኒውም ይህን ያስረዳል፤ የአስተዋይ ተቃራኒ ችኩል ነው። ብልህ በመፍጠኑ ሲመሰገን አስተዋይ የሚመሰገነው በመዘግየቱ ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሰዓት የሚለካ ፈተና አንዱን መበደሉ አይቀርም።

፫. ጠቢብና ጠይብ

ከቃላቱ ሁሉ ታሪኩ የከበደው የ«ጥበብ» ነው። በግእዝ ጥበብ ከሁሉ የላቀ ስም ነው፤ የሰሎሞን ስጦታ ነው፥ የመጽሐፍም ስም ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የፈላስፎች መጽሐፍ ባለቤቶቹን ጠቢባን ይላቸዋል፤ በማቴዎስ ወንጌልም በእባብ የተመሰለው ጠባይ በግእዙ «ጠቢባን» የሚል ነው። ጥበብ ግን እጅም አላት፤ አንጥረኛው፥ ግንበኛው፥ ሸማኔውም በእጁ ሥራ ጠቢብ ነው። ዛሬም በሸማ ጠርዝ ላይ የሚገባው ባለ ቀለም ፈትል «ጥበብ» ይባላል።

ይህ የእጅ ጥበብ ስሙን ለውርደት ያበቃው እንዴት ነው? በትግርኛ «ጠቢብ» የሚለው ቃል ራሱ የቀጥቃጭ ስም ሲሆን፥ በአማርኛ ከዚሁ ሥር እንደ ወጣ የሚታሰበው «ጠይብ» ብረት ለሚቀጠቅጠውና ሸክላ ለምትሠራው ተሰጠ። ከስሙም ጋር የቡዳነት ሐሜት ተያያዘ፤ ቀጥቃጩ በዓይኑ ሰውን ይበላል፥ ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣል ተባለ። አንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ አወጣ፤ አንደኛው በመቅደስና በቤተ መንግሥት ሲከበር ሁለተኛው ከመንደር ዳር ተጣለ።

የዚህን ምክንያት ከመሬት ሥርዓት ለይቶ መመልከት አይቻልም። ርስት ባለው ገበሬና ወታደር ዘንድ ክብር የሚገኘው ከመሬትና ከጦር ነበር፤ በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው ግን ብዙ ጊዜ ርስት የሌለው ነው። በጎንደር አገር የብረትና የሸክላ ሥራ በብዛት የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር። የታሪክ ጸሓፊዎች የእነርሱን ከርስት መነቀል በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሡት ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ጋር ያያይዙታል፤ መሬት ያጣው ወገን ወደ እጅ ሥራ መዞሩን፥ የእጅ ሥራውም በተራው የመለያ ምልክት መሆኑን ያስረዳሉ። ማረሻውን፥ ማጭዱንና ጦሩን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ይፈልገዋል፥ ይፈራዋልም። የሥራው ብልሃት ከአባት ወደ ልጅ በዝግ ቤት የሚተላለፍ ስለ ሆነ የውጭ ሰው አያውቀውም፤ የማይታወቅ ዕውቀት ደግሞ አስማት መስሎ ይታያል።

ይህ ዕጣ በጠይብ ላይ ብቻ አልቀረም። «ዐዋቂ» የሚለው ቃል በአንድ በኩል ዕድሜው የበሰለውን፥ ነገር የሚገባውን ሰው ሲያመለክት፥ በሌላ በኩል የጠንቋይ ማሞገሻ ነው፤ «ዐዋቂ ቤት ሄደ» ሲባል ሰሚው ትምህርት ቤት ሄደ ብሎ አይረዳም። ደብተራው ቅኔ ሲቀኝ ሊቅ ነው፤ ክታብ ሲጽፍ ደግሞ የሚፈራ ሰው ነው። በትምህርት ቤቱም ውስጥ ዕውቀት ከዕፅ ይገኛል የሚል እምነት ነበር፤ አንዳንድ የቅኔና የዜማ ተማሪዎች ትምህርት በልባቸው እንዲጸና ብለው አደገኛውን አብሾ ይጠጡ ነበር። ከተራው ሰው የላቀ ዕውቀት ሁሉ ከስውር ኀይል የተገኘ ነው የሚለው ጥርጣሬ በእነዚህ ቃላት ሁሉ ውስጥ ያልፋል።

ጥርጣሬውን በሕግ ለመንቀል የተሞከረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፥ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፥ ጽሕፈት የሚጽፈውን ጠንቋይ ማለትን ነቀፉ። ዐዋጁ ለቃላት ታሪክ ልዩ ጥቅም አለው። ተሰዳቢውን ከብልህ ወገን፥ ተሳዳቢውን ከሰነፍ ወገን አድርጎ ይከሳልና፥ ጠይብ የተባለውን ሰው ብልህ በሚል ቃል ወደ ጥንተ ክብሩ ይመልሰዋል። የዐዋጁ ቃል ቀጥቃጩን ማዘንና ርኅራኄ የሚገባው ሰው አላደረገውም፤ የልብ ባለቤት አደረገው። ልማድ ከዐዋጅ ይልቅ ዘግይቶ የሚለወጥ ሆነና «ጠይብ» የሚለው ስድብ ከዚያ በኋላም ቆየ፤ በገጠሩም ለብዙ ጊዜ ጋብቻን ይለያይ ነበር።

፬. ጎበዝና ሰነፍ

ዐዋጁ በወጣ በዓመቱ፥ በ1901 ዓ.ም.፥ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት አዲስ ትምህርት፥ አዲስ ፈተናና አዲስ ደረጃ ይዞ ሲመጣ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ የሚጠሩበት ስም አስፈለገ። በመካከላችን የተለመደው ስም ከአንድ ያልተጠበቀ ቦታ የመጣ ነው፤ ይኸውም ከጦር ሜዳ ነው።

«ጎበዝ» ጕልበቱ የጸና፥ ደፋር ወጣት ማለት ነበር። «የጎበዝ አለቃ» የሚባለው የአገር ጠባቂ ወጣቶች መሪ ነው፤ «ጎበዝ!» ተብሎ ሲጮኽም ወንዶች ለሥራ ወይም ለጠብ ይነሣሉ። ይህ ቃል ወደ ክፍል ሲገባ ትርጕሙ ሒሳብ የሚገባው፥ ፈተና የሚያልፍ ተማሪ ሆነ። ለሴት ልጅም ያለ ልዩነት ተሰጠ፤ ዛሬ «ጎበዝ ተማሪ ናት» ማለት እንግዳ አነጋገር አይደለም። የዘማቹ ስም ለአንባቢዋ ማለፉ ክብር ከጦር ወደ ብዕር እንደ ተሻገረ ያስረዳል።

የጎበዝ ተቃራኒ «ሰነፍ» ነው፤ በዚህም ቃል ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፥ በተለይ በመጽሐፈ ምሳሌ፥ ሰነፍ የጠቢብ ተቃራኒ ነው፤ ማስተዋል የጐደለው ሰው ማለት ነው። ግእዝ እንዲህ ያለውን ሰው «አብድ» ይለው ነበር። አማርኛ ይህን ቃል «እብድ» ብሎ ለሕመምተኛ ስለ ሰጠው ለማያስተውል ሰው ሌላ ስም አስፈለገ። የሰነፍ ሌላው ትርጕም ግን ሥራ የሚጠላ፥ የማይተጋ ማለት ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግርም የገነነው ይህኛው ነው። እንግዲህ መምህሩ ተማሪውን «ሰነፍ» ሲለው «አይገባህም» ማለቱ ነውን? ወይስ «አትተጋም» ማለቱ? ቃሉ ሁለቱን አይለይም።

ይህ አለመለየት እንደ ጕድለት ብቻ ሊታይ አይገባውም። ጎበዝና ሰነፍ የሚሉት ቃላት የክፍሉን ውጤት ከተፈጥሮ ይልቅ ለትጋት ይሰጣሉ፤ የዛሬው ሰነፍ ነገ ጎበዝ እንዲሆን በሩን ክፍት ይተዋሉ። ጕዳታቸው ደግሞ ከዚያው ይመነጫል። ዓይኑ የደከመ፥ ጆሮው በደንብ የማይሰማ፥ ወይም ፊደል ለመለየት በተፈጥሮ የሚቸገር ልጅ በትጋት ማነስ ተከሶ ይቀጣል። ችግሩን የሚለይለት ቃል በክፍሉ ውስጥ የለምና።

፭. መለኪያና ስም

በፈረንሳይ አገር አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ያዘጋጁት እንዲህ ያለውን ልጅ ለይቶ ለመርዳት ነበር። በዓመቱ በፊት እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን ልዩ ልዩ ችሎታዎችን ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ አጠቃላይ ኀይል አለ ብሎ ጽፎ ነበር፤ በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የአእምሮን ዕድሜ ለሰውየው ዕድሜ የሚያካፍል አንድ ቍጥር አቀረበ፤ በ1916 ደግሞ ሉዊስ ተርማን የቢኔን መለኪያ በአሜሪካ አሻሽሎ አወጣ። በዐሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የእርዳታ መሣሪያ የደረጃ መስጫ ሆነ፤ ቢኔ ራሱ ግን ከመሞቱ በፊት የልጅ አእምሮ የማይለወጥ መጠን ነው የሚሉትን ተቃውሞ ነበር። ነገሩ የተሰየመበት የላቲን ቃል ሥሩ በመካከል መምረጥ፥ መለየት ማለት ስለ ሆነ ከግእዙ «በሊኅ» ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ የአውሮፓው ቃል ከሥነ ምግባር መገለሉ ነው፤ ሌባውም ዳኛውም በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ።

ይህ መለያየት የሰው ልጅ ሁሉ ልማድ አለመሆኑን በአፍሪካ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ማሎሪ ዎበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት በባጋንዳ ገጠር «ኦቡጌዚ» የሚባለው ዕውቀት ከፍጥነት ይልቅ ከዝግታና ከጥንቃቄ ጋር እንደሚያያዝ ገለጸ፤ ይህም ከአማርኛው አስተዋይ ጋር ይገጥማል። ሮበርት ሰርፔልም በ1993 ባወጣው መጽሐፍ በምሥራቅ ዛምቢያ በቼዋ ሕዝብ ዘንድ «ንዜሉ» የሚባለው ዕውቀት ሁለት ወገን እንዳለው አስረዳ፤ አንደኛው ቅልጥፍና ነው፥ ሁለተኛው በመልእክት መታመን ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች የልጅን ዕውቀት የሚመዝኑት ለአንድ ጕዳይ ማንን እንደሚልኩ በማሰብ ነበር። ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ «ሲጠሩት አቤት፥ ሲልኩት ወዴት» የሚባለው ልጅ የሚመሰገነው በዚሁ ሚዛን ነው። ቅልጥፍናው ብቻ ኖሮ መታመኑ ከሌለ ስሙ ብልጥ ይሆናል።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት ለተመራማሪም ለመምህርም ይጠቅማል። አንድ ጠያቂ መጠይቁን ወደ አማርኛ ሲመልስ የአውሮፓውን ቃል በ«ብልህነት» ቢተረጕመው ስለ ስለት ይጠይቃል፤ በ«ጉብዝና» ቢተረጕመው ስለ ትጋት ይጠይቃል፤ በ«ማስተዋል» ቢተረጕመው ስለ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በ«አእምሮ» ቢተረጕመው ስለ ጤና የተጠየቀ የሚመስለው መላሽ አይጠፋም። ከአንድ መንደር አራት የተለያዩ መልሶች ተቀብሎ ስለ አንድ ነገር እንደ ተነገሩ ቢደምራቸው የሚገኘው ቍጥር የትርጕም ስሕተት ድምር ነው።

በዘመናችን ጥያቄው ከሰው አልፎ ወደ መኪና ደርሷል። የሚያሰሉና የሚጽፉ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ስም ሲፈለግላቸው በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት የተቋቋመው ተቋም «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚለውን የውጭ ስም እንዳለ ተቀበለ፤ ጋዜጠኞችና ጸሓፊዎች ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ማለትን አስለመዱ። ሁለተኛው ስም ለጆሮ ያማረ ነው፥ የአገርም ቃል ነው። ነገር ግን ከቀረቡት ቃላት ሁሉ የተመረጠው ዝግታን፥ ጥንቃቄን፥ ከመፍረድ በፊት መመልከትን የሚያመለክተው ነው። የዚህ መሣሪያ ዋና ጠባይ ፍጥነት ነው፤ በቃሉ ሥርዓት ቢመዘን ከአስተዋይ ይልቅ ወደ ጮሌ ይቀርባል። የሚሰጠውን መልስ ስለ ማን ጥቅም እንደሚሰጥ፥ ለስሕተቱም ማን እንደሚጠየቅ ገና ብዙ ክርክር አለ።

ስም ሰጪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሳሳቱም፤ ቃል ግን አንዴ ከተለመደ በኋላ የሚያስከትለውን ነገር መመለስ ይከብዳል። ጠይብ የሚለው ስም ከልጅ ልጅ አልፎ እንደ ቆየ ከላይ ታይቷል። ቀበሌኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ፥ መጠይቅ የሚተረጕሙና ፈተና የሚያወጡ ሰዎች እያንዳንዱን ቃል ከመቀበላቸው በፊት ተቃራኒውን በየአገሩ ካሉ ሽማግሌዎችና መምህራን ቢጠይቁ፥ ቃሉ ለየትኛው ሰው ክብር፥ ለየትኛውም ሰው ነቀፌታ እንደ ዋለ ያገኙታል። ሥራው በጎንደር፥ በሸዋ፥ በጎጃምና በወሎ ያለውን የአነጋገር ልዩነት ለይቶ መመዝገብን ይጠይቃል፤ ቃላቱን ከገበያና ከዳኝነት ስፍራ፥ ከቅኔ ቤትና ከአንጥረኛ ምድጃ ዘንድ የሚያውቁ ሰዎች ሳሉ መጀመሩም ይገባል።